ለቤተ ሰብ ፎቶግራፍ የትኛው ሌንስ ይሻላል?

ካሜራ ገዝቶ ወደ ቤቱ ያስገባ ሰው ሁሉ ውሎ ሲያድር አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል። ይኸውም «ከወር ደመወዜ ቆጥቤ ያጠራቀምሁትን ገንዘብ በፕራይም ሌንስ ላይ ላውለው ወይስ በዙም ሌንስ ላይ?» የሚል ነው። ነገሩ ለጊዜው የባለሙያዎችና የነጋዴዎች ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን ቀርበው ቢመለከቱት የቤተ ሰብ ጉዳይ ሆኖ ይገኛል።

በየዘመዱ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ፎቶግራፍ ያስተዋለ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። የብዙ አባቶቻችንና እናቶቻችን መልክ ለልጅ ልጅ የቀረው ለመታወቂያ ወረቀት ተብሎ በተነሣ ጉርድ ፎቶግራፍ ነው። ሰው ባረፈ ጊዜ ቤተ ሰቡ ያንኑ ትንሽ ጉርድ ፈልጎ ወደ ፎቶ ቤት ይወስድና ያስተልቀዋል። ሥዕሉ መልኩን ያሳያል፤ ሳቁን፣ አስተያየቱን፣ በገዛ ቤቱ በወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሲጫወት ይታይበት የነበረውን ግርማ ግን አያሳይም። ይህም የሚሆነው ካሜራ ስለ ታጣ ብቻ አይደለም። ካሜራ ባለበት ቤት እንኳ በምሽት፣ በቡና ሰዓት፣ በበዓል ዋዜማ የሚነሡት ሥዕሎች ጨልመው ወይም ደብዝዘው ስለሚበላሹ ነው። እንግዲህ የሌንስ ምርጫ ትልቁ ቁም ነገር ከዚህ ላይ ነው።

አስቀድመን የቃላቱን ትርጉም እንለይ። ሌንስ ማለት ከካሜራው ፊት የሚገጠም፣ ብርሃንን ሰብስቦ ሥዕል የሚያደርግ የመስተዋት ቁራጮች ስብስብ ነው። የእያንዳንዱ ሌንስ ዋና መለያ የትኩረት ርቀቱ ሲሆን፣ የሚለካውም በሚሊሜትር ነው። ቁጥሩ ያነሰ እንደ ሆነ ሌንሱ ሰፊ ቦታ ያሳያል፤ ቁጥሩ የበዛ እንደ ሆነ ግን ሩቁን አቅርቦ ጠበብ ያለውን ብቻ ያሳያል። ፕራይም የሚባለው የትኩረት ርቀቱ አንድ ብቻ የሆነ፣ የማይለወጥ ሌንስ ነው፤ ለምሳሌ 50 ሚሊሜትር። ዙም የሚባለው ደግሞ በላዩ ያለውን ቀለበት በማዞር የትኩረት ርቀቱ ከአንዱ ቁጥር ወደ ሌላው የሚለወጥ ሌንስ ነው፤ ለምሳሌ ከ24 እስከ 70 ሚሊሜትር።

ከዚህ ቀጥሎ የሚታወቀው የብርሃን በሩ ነው። በሌንስ ውስጥ የሚሰፋና የሚጠብ ቀዳዳ አለ፤ መጠኑም ኤፍ በሚባል ቁጥር ይጻፋል። እዚህ ላይ ጀማሪን ግራ የሚያጋባ ነገር ስላለ ልብ ማለት ይገባል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን በሩ ይሰፋልና። ምክንያቱም ቁጥሩ የሚገኘው የትኩረት ርቀቱ ለቀዳዳው ስፋት ሲካፈል ነው። በ50 ሚሊሜትር ሌንስ ኤፍ 1.8 ሲባል ቀዳዳው ወደ 28 ሚሊሜትር ይሰፋል፤ ኤፍ 5.6 ሲባል ግን ወደ 9 ሚሊሜትር ይጠብባል።

የሰውን መልክ በፎቶግራፍ የማንሣት ሥራ የተጀመረው ይህ በር በሰፋ ጊዜ ነው ማለት ይቻላል። በ1839 ዓ.ም. እንደ አውሮጳ አቆጣጠር የፎቶግራፍ ጥበብ በፓሪስ ለሕዝብ በተገለጠ ጊዜ፣ ሌንሶቹ ብርሃን እጅግ ስለሚያንሳቸው መልኩን የሚያስነሣው ሰው ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ መቀመጥ ነበረበት። በ1840 ዓ.ም. ግን ዮሴፍ ፔትስቫል የተባለ በቪየና የሚያስተምር የሒሳብ ሊቅ፣ ብርሃንን በብዙ እጥፍ የሚያስገባ የመልክ ማንሻ ሌንስ ቀምሮ አወጣ። ፎይክትሌንደር የተባለው ፋብሪካም ሠራው። ከዚያ ወዲህ ሰው መልኩን ለማስነሣት የሚቀመጥበት ጊዜ ከአንድ ደቂቃ በታች ሆነ።

ከዚያም በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ፎቶግራፍ አንሺዎች ሲሠሩ የኖሩት በማይለወጥ ሌንስ ነው። በ1925 ዓ.ም. በላይፕሲክ ትርዒት ላይ ለገበያ የቀረበችው ትንሿ ላይካ ካሜራ የያዘችው አንድ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ነበር፤ ፈረንሳዊው አንሪ ካርትዬ ብሬሶንም አብዛኛውን ሥራውን የሠራው በ50 ሚሊሜትር ሌንስ ነው። በአዲስ አበባ የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ የነበረው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ልጆቹ ሥራውን በጀመሩበት ዘመን ለተራው ፎቶግራፍ ካሜራ የሚሆን ዙም ሌንስ ገና በገበያ አልነበረም። ለ35 ሚሊሜትር ፊልም ካሜራ የተሠራው የመጀመሪያው ዙም ሌንስ፣ ከ36 እስከ 82 ሚሊሜትር የሚሄደው ዙማር፣ የወጣው በ1959 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ የቀድሞዎቹ ሰዎች በቀለበት ፈንታ በእግራቸው እየቀረቡና እየራቁ ይሠሩ ነበር ማለት ነው።

ይህን የምናነሣው የቀድሞውን አመስግነን የዛሬውን ለመንቀፍ አይደለም። ዙም ሌንስ ሥዕልን ያደበዝዛል የሚለው የቀድሞ ወቀሳ ዛሬ በአብዛኛው ቀርቷል፤ በጥሩ ዙም የተነሣውን ሥዕል በቤት ግድግዳ መጠን ከፕራይሙ ለይቶ ማወቅ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ምርጫውን የሚወስነው የመስተዋቱ ጥራት ሳይሆን ሌሎች ሦስት ነገሮች ናቸው፤ እነርሱም ብርሃን፣ ርቀትና ቦታ ናቸው።

ስለ ብርሃን

«እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር» ይላል የአገራችን ምሳሌ። ሌንስንም የምንመርጠው እንደ ቤታችን ብርሃን እንጂ ጎረቤት እንደ ገዛው መሆን የለበትም። የብዙዎቻችን ቤት መስኮቱ ትንሽ፣ ግድግዳው ወፍራም፣ የማታ መብራቱም ከጣራ የተንጠለጠለ አንድ አምፖል ነው። ቤተ ሰብ የሚሰበሰበው ደግሞ ከሥራና ከትምህርት ቤት መልስ ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ ነው። የመልካም ፎቶግራፍ ጊዜ ይኸው ሆኖ ሳለ፣ ለካሜራ ክፉው ጊዜም ይኸው ነው።

ከብዙ ካሜራዎች ጋር ተያይዞ የሚሸጠው የተለመደው ዙም ሌንስ ከ18 እስከ 55 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ሩቁን ለማቅረብ ወደ 55 በዞረ ጊዜ በሩ ከኤፍ 5.6 በላይ አይሰፋም። ርካሹ 50 ሚሊሜትር ፕራይም ግን እስከ ኤፍ 1.8 ይከፈታል። ሁለቱን ብናስተያይ ፕራይሙ ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። በተግባር ሲታይ፣ ፕራይሙ በሰከንድ 125ኛ ክፍል የሚጨርሰውን ሥራ ዙሙ በሰከንድ 13ኛ ክፍል ያህል ይሠራዋል። አንድ የ3 ዓመት ልጅ ደግሞ በዚያች 13ኛ ክፍል ውስጥ ራሱን ያዞራል፣ እጁን ያነሣል፤ ሥዕሉም ፊት የሌለው ጥላ ሆኖ ይቀራል።

በብዙ አዳዲስ ዙሞችና ካሜራዎች ውስጥ መንቀጥቀጥን የሚከላከል መሣሪያ አለ። ይህ መሣሪያ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን የሚያስታግሠው የአንሺውን እጅ እንጂ የልጁን ሩጫ አይደለም። ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት ከፍ ማድረግም ይቻላል፤ ሆኖም ከፍ ባደረግነው መጠን ሥዕሉ አሸዋ እንደ ተነሰነሰበት ይሻክራል። ብልጭታ ማብራትም ሌላ መንገድ ነው፤ ነገር ግን ፊት ለፊት የተበራ ብልጭታ የቆዳን ቀለም አመድማ አድርጎ ከኋላ ጥቁር ጥላ ይጥላል፤ ወደ ጣራ ቢያዞሩት ይሻላል።

እርግጥ በሩ እስከ ኤፍ 2.8 የሚሰፋ ዙምም አለ። ይሁን እንጂ ዋጋውንና ክብደቱን መመዘን ያስፈልጋል። ለምሳሌ ካኖን በ2012 ዓ.ም. ያወጣው ከ24 እስከ 70 ሚሊሜትር፣ ኤፍ 2.8 ዙም 18 የመስተዋት ቁራጮች አሉበት፤ ክብደቱም 805 ግራም ነው። ይኸው ፋብሪካ በ2015 ዓ.ም. ያወጣው 50 ሚሊሜትር፣ ኤፍ 1.8 ፕራይም ግን 6 ቁራጮች ብቻ ሲኖሩት ክብደቱ 160 ግራም ያህል ነው። ዋጋቸውም በብዙ እጥፍ ይለያያል፤ ትንሹ ግን ከትልቁ ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ብርሃን ያስገባል።

ስለ ርቀት

ሁለተኛው ነገር ብዙ ሰዎች የሚሳሳቱበት ነው። «ይህ ሌንስ አፍንጫዬን አስረዘመው» ሲባል እንሰማለን። የፊትን ቅርጽ የሚለውጠው ግን ሌንሱ ሳይሆን አንሺው የቆመበት ርቀት ነው። ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ጆሮ 12 ሳንቲሜትር ነው ብንል፣ ካሜራው ከአፍንጫው በ50 ሳንቲሜትር ርቀት ቢቆም ጆሮው በ62 ሳንቲሜትር ላይ ይሆናል። በዚህ ጊዜ አፍንጫው ከጆሮው አንጻር ከሚገባው ሩብ ያህል ጎልቶ ይታያል። ካሜራው 2 ሜትር ቢርቅ ግን 200ና 212 ስለሚሆኑ ልዩነቱ ከመቶ 6 ብቻ ነው፤ ፊቱም እኛ ሁልጊዜ የምናውቀውን ፊት ይመስላል።

እዚህ ላይ ዙም በጎም ክፉም አለው። ክፉው ነገር ስንፍናን ማስተማሩ ነው፤ አንሺው ሰውየው አጠገብ ቆሞ ቀለበቱን ወደ 24 ያዞርና ፊቱን ያጣምመዋል። በጎው ነገር ደግሞ የሚያውቅበት ሰው አስቀድሞ ተገቢውን ርቀት መርጦ ከቆመ በኋላ ቀለበቱን እንደ ልኩ ለማዞር መቻሉ ነው። ስለዚህ ዙም የያዘ ሰው ደንቡ «አስቀድመህ ቁም፣ ኋላ አዙር» የሚል ይሁን።

ፕራይም የያዘ ሰው ግን ሌንሱ ራሱ ርቀቱን ያስተምረዋል። ብርሃን ተቀባይ ሰሌዳቸው 36 በ24 ሚሊሜትር በሆነ ካሜራዎች፣ ከራስ እስከ ደረት ያለውን መልክ በ85 ሚሊሜትር ለማንሣት ወደ 1 ሜትር ተኩል መራቅ ያስፈልጋል፤ በ50 ሚሊሜትር ግን ወደ 90 ሳንቲሜትር መቅረብ ግድ ይሆናል። የመልክ ባለሙያዎች 85ን የሚወዱት ስለዚህ ነው።

ስለ ቦታ

ነገር ግን 85 ሚሊሜትር ለሁሉ ቤት አይሆንም። የቆመን ሰው ከራስ እስከ እግር በዚህ ሌንስ ለማንሣት ወደ 5 ሜትር የሚጠጋ ቦታ ይፈልጋል፤ በ50 ሚሊሜትር ግን 3 ሜትር ያህል ይበቃል። የሳሎናችን ርዝመት 4 ሜትር ከሆነ ጀርባችን ግድግዳ ነክቶም ሥዕሉ አይሞላም። እንግዲህ ሌንስ ከመግዛት በፊት ክፍሉን በሜትር መለካት ከብዙ ምክር ይበልጣል።

ደግሞም በብዙ ካሜራዎች ብርሃን ተቀባዩ ሰሌዳ ከተናገርነው ያነሰ ነው። በእነዚህ ካሜራዎች ላይ የሌንሱ እይታ ይጠብባል፤ ለማስተያየት ያህል በኒኮንና በሶኒ በ1.5፣ በካኖን በ1.6 ተባዝቶ ይታሰባል። እንደዚህ ባለው ካሜራ 50 ሚሊሜትር እንደ 75 ወይም እንደ 80 ሆኖ ስለሚያሳይ ለአንድ ሰው መልክ እጅግ መልካም ነው፤ ለጠባብ ሳሎን ግን 35 ሚሊሜትር ይሻላል።

ስለ በሩ መስፋት አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። በር በሰፋ ቁጥር ጠርቶ የሚታየው ጥልቀት ያንሳል። በ85 ሚሊሜትር፣ በኤፍ 1.8፣ በ1 ሜትር ተኩል ርቀት ጠርቶ የሚታየው 3 ሳንቲሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ትኩረቱ በቅርበኛው ዐይን ላይ ማረፍ አለበት። አያት፣ ወላጆችና ልጆች በሁለት ረድፍ ሆነው ሲነሡም በ50 ሚሊሜትር በ3 ሜትር ርቀት ኤፍ 1.8 ቢሆን ጥልቀቱ 40 ሳንቲሜትር አይሞላም፤ የኋላው ረድፍ ይደበዝዛል። በሩን ወደ ኤፍ 5.6 ብናጠብ ግን ጥልቀቱ ከ1 ሜትር በላይ ይሆናል። ይህንንም ለማድረግ ብርሃን ስለሚያስፈልግ የቤተ ሰብ ጉባኤ በቀን፣ በግቢ ወይም በበረንዳ ጥላ ሥር ቢነሣ ይመረጣል። በባማኮ ከተማ በ1948 ዓ.ም. ፎቶ ቤቱን የከፈተው ሰይዱ ኬይታ በዝና የታወቀባቸውን አብዛኞቹን ሥዕሎች ያነሣው በግቢው ውስጥ በቀን ብርሃን ነበር።

ዙም የሚያስፈልግበት ጊዜ

ሰው እንደ ልቡ ለመንቀሳቀስ በማይችልበት ስፍራ ዙም ያለ ጥርጥር ይበልጣል። ጥር 11 ቀን በጃንሜዳ ታቦታቱ ሲሸኙ በሕዝብ መካከል ቆሞ ወደ ፊትም ወደ ኋላም መራመድ አይቻልም። ልጅ ክርስትና ሲነሣ ካህናቱን ገፍቶ መቅረብ አይገባም። በምረቃ ቀን ወላጅ የተሰጠው ወንበር አንድ ነው። በሠርግም ሙሽራዪቱ ከቤት ስትወጣ ሰፊውን አጀብ፣ ከአፍታ በኋላ ደግሞ የእናቲቱን እንባ መያዝ ያስፈልጋል፤ ሌንስ ሲፈቱና ሲገጥሙ ሁሉም ያልፋል። በበጋ በአቧራ ወራት በመንገድ ላይ ሌንስ መለዋወጥ የካሜራውን ውስጥ ስለሚያቆሽሽ፣ በጉዞ ጊዜም አንድ ዙም ገጥሞ መሄድ ይጠቅማል። እነዚህ ሥራዎች የሚበዙት ደግሞ በቀን ብርሃን ስለ ሆነ የተለመደው ዙም በሩ መጥበቡ ያን ያህል አይጎዳውም።

በእጅ ስልክ የሚያነሡ አንባብያንም ይህ ጉዳይ ይመለከታቸዋል። በብዙዎቹ ስልኮች ላይ የሚታዩት ሁለት ወይም ሦስት ዐይኖች እያንዳንዳቸው የማይለወጡ ሌንሶች ናቸው። በመስተዋቱ ላይ በሁለት ጣት ስንጎትት ብዙውን ጊዜ ሥዕሉ ተቆርጦ ይተልቃል እንጂ ሌንሱ አይለወጥም። ዋናው የስልክ ሌንስ ሰፊ ስለ ሆነ ፊትን በቅርብ ሲያነሡበት ያጣምማል፤ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ፣ ስልኩ ካለው፣ ሩቁን የሚያቀርበውን ሌንስ መምረጥ ያሻል።

ከመግዛት በፊት

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ተብሏልና ወደ ገበያ ከመሄድ በፊት የሚከተለውን እንዲያደርጉ አንባብያንን እንመክራለን።

1ኛ፤ ካሁን በፊት ያነሣችኋቸውን ሥዕሎች መርምሩ። ዲጂታል ካሜራ ከእያንዳንዱ ሥዕል ጋር የትኩረት ርቀቱንና የበሩን ቁጥር መዝግቦ ያስቀምጣል። አብዛኞቹ በ35 አካባቢ የተነሡ ከሆነ የሚያስፈልጋችሁ ሌንስ ራሱን አስታውቋል።

2ኛ፤ ያላችሁን ዙም በ35 ወይም በ50 ላይ አድርጋችሁ ቀለበቱን በፕላስተር አጣብቁት፤ አንድ ሳምንትም እንዲሁ አንሡበት። እግራችሁ ሥራውን ከለመደ ፕራይም ይስማማችኋል፤ ሁልጊዜ ከተቸገራችሁ ግን ገንዘባችሁን አታባክኑ።

3ኛ፤ ያገለገለ ሌንስ የምትገዙ እንደ ሆነ ከካሜራችሁ ጋር መግጠሙን አረጋግጡ፤ ወደ ብርሃንም አቅንታችሁ ውስጡን ተመልከቱ። እንደ ምጽዋ፣ እንደ ጅቡቲና እንደ ሞምባሳ ባሉ እርጥበት በሚበዛባቸው የባሕር ጠረፍ ከተሞች የቆየ ሌንስ በመስተዋቱ ላይ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ሻጋታ ሊያወጣ ይችላል፤ እንዲህ ያለውን አትግዙ።

አጠቃላይ ምክራችንም ይህ ነው። ከካሜራው ጋር የመጣውን ዙም ለበዓል፣ ለጉዞና ለአደባባይ አቆዩት፤ ተጨማሪ ገንዘብ ሲገኝ ደግሞ በሩ ሰፊ የሆነውን ርካሹን ፕራይም ለቤት ግዙ፤ 35 ይሁን 50 የሚወስነው የካሜራችሁ ሰሌዳና የሳሎናችሁ ርዝመት ነው። ውዱን ባለ ኤፍ 2.8 ዙም በሥራው ለሚተዳደሩ እንተውላቸው።

ሌንሱ በተገኘ ጊዜም የመጀመሪያው ሥራው በቤቱ ያሉትን ሽማግሌና አሮጊት ማንሣት ይሁን። አስቀድማችሁ ፈቃዳቸውን ጠይቁ፤ የሚወዱትን ልብስ ይልበሱ። ወንበራቸውን ከመስኮቱ አንድ ሜትር ያህል አርቃችሁ፣ ብርሃኑ በፊታቸው በአንዱ ወገን እንዲያርፍ በአግድም አስቀምጡ፤ የጣራውን መብራት አጥፉ። በሩን ወደ ኤፍ 2.8 አድርጋችሁ በቅርበኛው ዐይን ላይ አነጣጥሩ። ከዚያ በኋላ ስለ ካሜራው ሳይሆን ስለ ልጅነታቸው፣ ስለ ሠርጋቸው፣ ስለ ተወለዱበት አገር ጠይቋቸው፤ ሲናገሩም አንሡ። ከተነሡትም መካከል ቢያንስ አንዱን በወረቀት አሳትሙና በጀርባው ስማቸውን፣ ቀኑንና ቦታውን ጻፉበት። እንዲህ ያደረገ ቤተ ሰብ አንድ ቀን ኀዘን በደረሰ ጊዜ የመታወቂያ ወረቀት ጉርድ ፍለጋ ሣጥን አይበረብርም።